በሽታውን በስሙ የጠሩት

ቀኑ ቅዳሜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 14 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ሜይ 22 ቀን 1948 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመላው አሜሪካ ቤተሰብ ራዲዮኑን ከብቦ ተቀምጧል። ዝነኛው የራዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ ራልፍ ኤድዋርድስ ከሎስ አንጀለስ ሆኖ፣ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ በቦስተን ከተማ ሆስፒታል ከተኛ የ12 ዓመት ልጅ ጋር ይጫወታል። ልጁን «ጂሚ» እያለ ነው የሚጠራው። አሜሪካኖች እኛ ለእግር ኳስ እንደምናብደው ለሚያብዱለት ለቤዝቦል ፍቅር እንዳለው ይጠይቀዋል። ልጁም የቦስተን ብሬቭስ ቡድን ደጋፊ መሆኑን ይናገራል። የሚወዳቸውን ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ሲጠራ፣ ስሙ የተጠራው ተጫዋች ራሱ በሩን ከፍቶ ወደ አልጋው ይመጣል። ማልያ ይሰጡታል፣ የፈረሙበት ኳስ ያበረክቱለታል፤ በመጨረሻም ፒያኖ ተገፍቶ ገብቶ ልጁና ተጫዋቾቹ አብረው ይዘፍናሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ታሪክ የሠራው። ከልጁ ጋር የነበረው የስልክ መስመር ከተቋረጠ በኋላ ኤድዋርድስ ወደ አድማጩ ዞሮ፣ ይህ ልጅ ካንሰር እንዳለበት፣ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ግን እንደማያውቅ ተናገረ። እንደ እርሱ ያሉትን ሕፃናት ለማዳን ምርምር ለሚያደርግ ድርጅት ገንዘብ እንዲላክ ጠየቀ። ሃያ ሺህ ዶላር ከተገኘ ጂሚ አልጋው ላይ ሆኖ የቡድኑን ጨዋታ የሚያይበት ቴሌቪዥን ይገዛለታል ሲል ቃል ገባ። የተላከው ገንዘብ ግን ከ231,000 ዶላር በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሚሊዮኖች በአንድ ምሽት ያወቁትን፣ የበሽታው ባለቤት አላወቀም። «ጂሚ» የሚለውም ስም የልጁ አልነበረም፤ ማንነቱ እንዲጠበቅ የተሰጠው ነው። የልጁ ስም ተደብቆ የበሽታው ስም ተነገረ ማለት ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ልማዱ የተገላቢጦሽ ነበር፤ የታማሚው ስም ይጠራል፣ የበሽታው ስም ይደበቃል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያ ልማድ እንዴት እንደ ተሰበረ፣ በተሰበረበትም ቀዳዳ ገንዘብ እንዴት እንደ ገባ፣ ገንዘቡም ምን እንደ ሠራና ምን ሳይሠራ እንደ ቀረ ነው።

ስሙ የማይጠራው በሽታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ይሁንና ካንሰርን በመደበቅ እኛ ብቻ አይደለንም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካም ካንሰር የያዘው ሰው ከጎረቤቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከገዛ ቤተሰቡ ይደብቅ ነበር። በሽታው ይጋባል ብለው የሚፈሩ ነበሩ፤ የዘር እርግማን ነው የሚሉም አልጠፉም። ሐኪሙ ለታማሚው አይነግረውም። ጋዜጣው የሟቹን ዜና ዕረፍት ሲያወጣ «ከረጅም ሕመም በኋላ» ብሎ ያልፋል። በእኛ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ያልሰማ አንባቢ የለምና፣ የአሜሪካኖቹን ልማድ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ይህን ዝምታ ለመስበር በ1913 በኒውዮርክ ከተማ 15 ሐኪሞችና ነጋዴዎች ተሰብስበው የአሜሪካ የካንሰር መቆጣጠሪያ ማኅበር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማቸው ሰው የበሽታውን ምልክት አውቆ ቶሎ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ማስተማር ነበር። ማኅበሩ ለብዙ ዓመታት የሐኪሞች ጉባኤ ሆኖ ቆየ። በ1936 ግን ማርጆሪ ኢሊግ በተባሉት ሴት ሐሳብ አመንጪነት «የሴቶች የመስክ ጦር» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ክንፍ ተመሠረተ። ሴቶቹ ካኪ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ማዕረግ አበጅተው በየመንደሩ እየዞሩ ገንዘብ ይሰበስቡና ያስተምሩ ጀመር። በ1935 በመላ አገሪቱ በካንሰር መከላከል ሥራ የተሰማራው ሰው 15,000 ያህል ነበር፤ በ1938 መጨረሻ ዐሥር እጥፍ ሆነ።

መንግሥትም ቢሆን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በኦገስት 1937 የብሔራዊ ካንሰር ተቋምን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የፈቀደው ገንዘብ በዓመት 700,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ ካንሰርም ወረፋውን እንዲጠብቅ ተደረገ።

ማስታወቂያ ሠሪውና ባለቤታቸው

ሜሪ ላስከር በ1900 በዊስኮንሲን ግዛት ዋተርታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው የቤተሰቡን ልብስ የሚያጥቡትን ሴት ሊጠይቁ ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ሴትዮዋ በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ተቆርጦ በጠባብ ክፍል ተኝተው ነበር። ያን ቀን ያዩትን ሜሪ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲያነሡት ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሥቃይ በማንም ላይ ሊደርስ አይገባም የሚል ቁጣ በውስጣቸው የተተከለው እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ነበር ተናግረዋል።

ባለቤታቸው አልበርት ላስከር ደግሞ የዘመናዊ ማስታወቂያ አባት ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ሎርድ ኤንድ ቶማስ የተባለው የማስታወቂያ ድርጅት ባለቤት ሆነው ብርቱካን ጭማቂ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና ሸጠዋል። ከሸጧቸው ዕቃዎች ሁሉ ግን ይበልጥ የሚታወሰው ላኪ ስትራይክ የተባለው ሲጋራ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የላስከር ድርጅት ለሴቶች ያሰማው መልእክት፣ ጣፋጭ ሲያምራችሁ በምትኩ ሲጋራ ለኩሱ የሚል ነበር። ቀጭን መሆን የፈለገች ሴት ሁሉ ሲጋራ እንድትይዝ ተደረገ። ዘመቻው ተሳካ፤ ሽያጩም ናረ።

ሁለቱ በ1940 ተጋቡ። አልበርት በ1942 ከማስታወቂያ ሥራቸው ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት ባልና ሚስቱ የላስከር ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። ሜሪ የሕክምና ምርምርን ለማገዝ እንደሚሹ ለባላቸው ሲነግሯቸው፣ አልበርት የሰጡት ምክር የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ ነው። የአንድ ሰው ሀብት፣ ምንም ቢበዛ፣ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ የሚበቃው የፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ ነው፤ እርሱንም እንዴት እንደሚገኝ አሳይሻለሁ አሏቸው።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊል ይገባል። ስለ ፋውንዴሽን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ባለጸጋ ካዝናውን ከፍቶ ሲሰጥ ነው። የላስከሮች መንገድ ሌላ ነበር። የእንጀራ ነገር ይመስላል፤ እርሾው ጥቂት ነው፣ ሊጡ ብዙ ነው፤ ያለ እርሾ ግን ሊጡ አይነሣም። የፋውንዴሽኑ ገንዘብ እርሾ፣ የሕዝብ ግብር ደግሞ ሊጥ እንዲሆን ነው ያሰቡት።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ካንሰር መቆጣጠሪያ ማኅበሩ ነበር። ሜሪ በ1943 የማኅበሩን ዋና ኃላፊ ዶክተር ክላረንስ ኩክ ሊትልን አግኝተው ለምርምር ስንት እንደሚያወጡ ቢጠይቁ፣ ምንም እንደማያወጡ ተረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግልበጣ ማለት ይቻላል። የላስከሮች ወዳጆች የሆኑ ነጋዴዎች፣ የማስታወቂያና የፊልም ሰዎች የማኅበሩን ቦርድ ሞሉት። ስሙም የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ተባለ። «ካንሰር» የሚለው ቃል በራዲዮ ያለ እፍረት እንዲነገር ሜሪ የጣቢያ ባለቤቶችን አሳመኑ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ ሩቡ ለምርምር እንዲውልም አስወሰኑ። በ1945 የማኅበሩ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከዚህም አንድ ሚሊዮኑ የምርምሩ መነሻ ሆነ። ለሳሙና የተፈለሰፈው ብልሃት ለሳይንስ ሠራ።

አልበርት ላስከር በ1952 ሞቱ። የገደላቸውም የአንጀት ካንሰር ነበር።

የምድር ቤቱ ሐኪም

በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ይሠሩ ነበር። ፓቶሎጂስት ስለ ነበሩ ሥራቸው ከሞቱ ሕፃናት የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ሕፃናቱን የሚያገኟቸው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነበር። በተለይ የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞት ነበርና ሐኪሞች ከማጽናናት ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ፋርበር ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ለእነዚህ ሕፃናት ሲሰጥ በሽታው ይብሱን እንደሚፋጠን አስተዋሉ። እንግዲያው ካንሰሩ በዚህ ቫይታሚን የሚመገብ ከሆነ፣ ቫይታሚኑን የሚመስል ግን የማይመግብ ነገር ቢሰጠው ይራባል ብለው አሰቡ። እንዲህ ያለውን አታላይ ኬሚካል የሠሩላቸው ይላፕራጋዳ ሱባራው የተባሉት ሕንዳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበሩ። ፋርበርና የሥራ ባልደረቦቻቸው በጁን 1948 ባወጡት ጽሑፍ፣ አሚኖፕተሪን የተባለው መድኃኒት ከተሰጣቸው 16 ሕፃናት መካከል 10ሩ መሻሻል ማሳየታቸውን ገለጹ። ፋታው ለወራት ብቻ የቆየ ነበር፤ በሽታው ተመልሶ መጣ። ቢሆንም እንዲህ ያለው የሕፃናት ደም ካንሰር በመድኃኒት ወደ ኋላ ሲል ከዚያ በፊት የታየበት ጊዜ አልነበረም። ሱባራው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሞቱ፤ የሥራቸውን ፍሬ ብዙም አላዩም። ከአሚኖፕተሪን ቀጥሎ የመጣው ሜቶትሬክሴት ግን ዛሬም በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ ይሠራል።

ፋርበር ከሆስፒታሉ በጀት ሌላ ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1947 የሕፃናት ካንሰር ምርምር ፋውንዴሽን ተቋቋመ። ቫራይቲ ክለብ የሚባለው የቲያትርና የሲኒማ ሰዎች የበጎ አድራጎት ማኅበር ደገፋቸው። በመግቢያችን የተረክነው የራዲዮ ምሽት የተዘጋጀው ለዚሁ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ «የጂሚ ገንዘብ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። በሲኒማ ቤቶች የሳንቲም መሰብሰቢያ ቆርቆሮ ዞረ፤ ልጆች በየሰፈራቸው የቤዝቦል ሜዳ ለመኑ። በ1952 በዚህ ገንዘብ የተሠራው ሕንፃ ተከፈተ። ብሬቭስ በ1953 ከቦስተን ወደ ሚልዋኪ ሲዛወር ተቀናቃኙ ሬድ ሶክስ ኃላፊነቱን ተረከበ። ድርጅቱም ከጊዜ በኋላ ዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ተብሎ በዓለም ከታወቁት አንዱ ሆነ።

ያ አንድ ምሽት ብዙ ልጆች ወለደ። በ1962 ተዋናዩ ዳኒ ቶማስ ያስገነባው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል በሜምፊስ ከተማ ተከፈተ። በብሔራዊ ካንሰር ተቋም በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩት ሐኪሞች ኤሚል ፍራይና ኤሚል ፍራይራይክ መድኃኒቶችን አቀናጅቶ የመስጠትን ዘዴ ሲያሳዩ፣ በሜምፊሱ ሆስፒታል ዶክተር ዶናልድ ፒንክል ዘዴውን እስከ መጨረሻው ገፉበት። በ1970 ከታከሙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሊድኑ እንደሚችሉ አስታወቁ። ፋርበር ሥራቸውን ሲጀምሩ የሚድነው ቁጥር ዜሮ ነበር ማለት ይቻላል። በዛሬው ጊዜ በበለጸጉት አገሮች በብዛት የሚታየው ዓይነት የሕፃናት ደም ካንሰር ከያዛቸው ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። አንዱ ዕርምጃ በለጋሽ ሳንቲም፣ ሌላው በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ የቱ የቱን እንዳዳነ መለየት አይቻልም።

ወደ ምክር ቤት የሚወስደው መንገድ

ሜሪ ላስከርና ሲድኒ ፋርበር ተገናኝተው አጋሮች ሆኑ። እርሳቸው ፖለቲካውን፣ ሐኪሙ ሳይንሱን ያውቃሉ። ሜሪ በመወሰኛ ምክር ቤቱ ሊስተር ሂልን፣ በተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ጆን ፎጋርቲን ከጎናቸው አሰለፉ። በየዓመቱ የበጀት ክርክር ሲመጣ ፋርበር ቀርበው ይመሰክራሉ። ፕሬዚዳንቶች ተፈራረቁ፤ ሜሪ ግን ከኋይት ሐውስ ደጅ አልጠፉም። በኒውዮርክ ጎዳናዎች መካከል ቱሊፕና ዳፎዲል እንዲተከል ያደረጉት እኒሁ ሴት ናቸው፤ ለሰጧት ከተማ አበባ፣ ለጠየቁት ባለሥልጣን ደግሞ ፋታ የማይሰጥ ንዝንዝ ነበሩ። በ1969 የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳልያ ተሰጣቸው።

በዚያው ዓመት ሰው ጨረቃን ረገጠ። ጨረቃ ላይ የወጣ አገር ካንሰርን ማሸነፍ እንዴት ያቅተዋል የሚል ስሜት ነገሠ። ዲሴምበር 9 ቀን 1969 የእነ ሜሪ የዜጎች ኮሚቴ በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ካንሰርን ማዳን በእጅዎ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነበር። የአልበርት ላስከር ጥበብ ከሞቱ ከ17 ዓመት በኋላም ይሠራል ማለት ነው። በአፕሪል 1971 ደግሞ በአገሪቱ እጅግ የተነበበችው የጋዜጣ አምደኛ አን ላንደርስ አንባቢዎቿ ለሴናተሮቻቸው እንዲጽፉ ጠየቀች። ደብዳቤው በመቶ ሺህ እየተቆጠረ ጎረፈ። በመጨረሻም ዲሴምበር 23 ቀን 1971 ኒክሰን ብሔራዊ የካንሰር ሕግን ፈረሙ። ሕጉ ለሦስት ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ፈቀደ። በዚያው ወቅት የጦር ኃይሉ ባክቴሪያን መሣሪያ ለማድረግ ይመራመርበት የነበረው ፎርት ዲትሪክ በከፊል የካንሰር ምርምር ማዕከል ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሳይንቲስት አላጨበጨበም። ወደ ጨረቃ የሚያደርሰው ሒሳብ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የቀረው ማሽኑን መሥራት ነው። የካንሰርን ጉዳይ ግን ገና ማንም አያውቀውም፤ ጤነኛው ሴል ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይታወቅ ስለ ታመመው ቀጠሮ መስጠት ሕዝብን ማታለል ነው ያሉ ነበሩ። አልተሳሳቱም። አገሪቱ 200ኛ የልደት በዓሏን በ1976 ስታከብር ካንሰር ይጠፋል ብለው ተስፋ ያደረጉ ሁሉ ተስፋቸው ከንቱ ቀረ። ፋርበርም ይህን ሳያዩ በማርች 1973 አረፉ። በ1986 ጆን ቤይለርና ኤሌይን ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የሟቾችን ቁጥር መዝነው፣ ከብዙ ዓመት ጥረት በኋላ የካንሰር ሞት እንዳልቀነሰ አሳዩ፤ ትኩረቱ ከማከም ወደ መከላከል መዞር አለበት አሉ።

ገንዘቡ ባከነ ማለት ግን አይደለም። በ1976 ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ በሕዝብ ገንዘብ በተደገፈ ሥራ፣ የካንሰር ዘር ከውጭ የሚመጣ ወራሪ ሳይሆን በራሳችን ጤነኛ ሴል ውስጥ ያለ ዘረ መል መበላሸት እንደ ሆነ አሳዩ፤ በ1989 የኖቤል ሽልማት አገኙ። አሜሪካ በመንግሥት ደረጃ ለካንሰር ተቋሟ የምታወጣው ገንዘብ በ1937 ከተፈቀደው 700,000 ዶላር ተነሥቶ በ2023 ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። የቤይለር ተግሣጽ ግን ሌላ ታሪክ እንድናነሣ ያስገድደናል።

የሁለት ሰዎች ወንበር መለዋወጥ

የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ1952 አንድ ትልቅ ጥናት ጀመረ። ሃያ ሁለት ሺህ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ187,000 በላይ ወንዶችን ስለ ማጨስ ልማዳቸው ጠየቁ፤ ከዚያም ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን በምን እንደ ሞተ ተከታተሉ። ያ ሁሉ ሥራ ክፍያ የሌለው የሰፈር ሰው ሥራ ነበር። ኩይለር ሃሞንድና ዳንኤል ሆርን በ1954 ውጤቱን ሲያቀርቡ፣ በ1950 እንግሊዛውያኑ ዶልና ሂል እንዲሁም አሜሪካኖቹ ዋይንደርና ግሬሃም የደረሱበትን አጸና፦ ሲጋራ አጫሹ ከማያጨሰው ይልቅ በሳንባ ካንሰር ይሞታል።

የትምባሆ ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም። በጃንዋሪ 1954 በመላ አገሪቱ ጋዜጦች ላይ መግለጫ አውጥተው የራሳቸውን የምርምር ኮሚቴ አቋቋሙ። የሳይንስ ኃላፊ አድርገው የሾሙት ማንን ነበር? ዶክተር ክላረንስ ኩክ ሊትልን፤ ሜሪ ላስከር በ1943 ለምርምር ስንት ታወጣላችሁ ብለው የጠየቋቸውን የቀድሞውን የካንሰር ማኅበር መሪ። ሊትል ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማስረጃው ገና አልበቃም እያሉ ለኩባንያዎቹ ተሟገቱ።

እንግዲህ ታሪክ ሁለቱን ሰዎች ወንበር አለዋወጠቻቸው። ለሴቶች ሲጋራ የሸጡት አልበርት ላስከር የካንሰር ምርምር መሥራች ሆኑ፤ የካንሰር ማኅበሩ መሪ ሊትል የሲጋራ ሻጮች ጠበቃ ሆኑ። ከዚህ የምንማረው የሰዎቹን ጽድቅና ኃጢአት መመዘን አይደለም። «ምርምር» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ ነው። ከፋዩ ማን ነው? ውጤቱስ ከፋዩን የሚጎዳ ሆኖ ቢገኝ ይታተማል ወይ? የካንሰር ማኅበሩ ጥናት ከሕዝብ በተሰበሰበ ሳንቲም ስለ ተሠራ ለመናገር የሚፈራው ደምበኛ አልነበረውም። የሕዝብ ገንዘብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1964 የመንግሥቱ ዋና የጤና ኃላፊ ሉተር ቴሪ ሲጋራ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ አስታወቁ። ቀኑ ቅዳሜ እንዲሆን የተመረጠው የአክሲዮን ገበያው እንዳይናወጥ ነበር። በ1965 ከአሜሪካ አዋቂዎች 42 በመቶ ያህሉ ያጨሱ ነበር፤ ዛሬ ከስምንቱ አንዱ እንኳ አያጨስም። የካንሰር ሞት መጠን በ1991 ጫፍ ላይ ደርሶ ከዚያ በኋላ እስከ 2020 ድረስ አንድ ሦስተኛ ያህል ቀነሰ፤ ለዚህም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ሲጋራን መተው ነው። የማሕፀን ጫፍ ካንሰርም እንዲሁ። ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተባሉት ግሪካዊ በቀላል ምርመራ በሽታው ሳይጀምር ሊገኝ እንደሚችል አሳይተው በ1950 የላስከርን ሽልማት ተቀበሉ፤ ማኅበሩም ምርመራውን በየከተማው አስፋፋው፤ ሞቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለዚህ በሽታ መንሥኤ የሆነውን ቫይረስ ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ1983 ደረሱበት፤ ክትባቱም በ2006 ወጣ።

በእኛ በኩል

ይህ ታሪክ ወደ እኛ ደጅ የደረሰባቸው መንገዶች አሉ። ያ ክትባት በዲሴምበር 2018 በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ። በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያንና በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ የሉተር ቴሪ መግለጫ ከ55 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ ወረፋ ሲጠብቅ በሽታው ይቀድመው ነበር።

በ2004 የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ከሞተ ሕፃን ነው። ወላጆች ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው ከመቀመጥ ይልቅ የልጃቸውን ስም በአደባባይ ላይ ጻፉት። በቦስተን የልጁ ስም ተደብቆ የበሽታው ስም ተነገረ፤ አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ስሞች አንድ ላይ ተጠሩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ ሳንቲም ማዋጣት ማንም እንዲያስተምረው አይሻም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። ዳሩ ግን ዕድራችን የሚሰበሰበው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከመሞቱ በፊት እንሰብስብ ለማለት፣ በመጀመሪያ በምን እንደ ታመመ መናገር ይጠይቃል።

ጂሚ ተመለሰ

ወደ ቦስተኑ ልጅ እንመለስ። ከዚያ የራዲዮ ምሽት በኋላ ጂሚ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያም ድምፁ ጠፋ። ሕዝቡ ሁሉ ሞቷል ብሎ አመነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት በሽታ የያዘው ልጅ ይተርፋል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በስሙ ገንዘብ መሰብሰቡ ግን ቀጠለ፤ ለሃምሳ ዓመት።

በ1998፣ ልክ በሃምሳኛው ዓመት፣ በሜይን ግዛት የሚኖሩ አይናር ጉስታፍሰን የተባሉ የ62 ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር እኔ ጂሚ ነኝ ብለው ብቅ አሉ። የአንጀት ሊምፎማ ነበር ያመማቸው፤ ድነው፣ ትዳር መሥርተው፣ ልጆች ወልደው ኖረዋል። ስማቸው የተለወጠባቸው ሕፃን በስማቸው ወደ ሕዝብ ተመለሱ። በ2001 በ65 ዓመታቸው በስትሮክ ሲያርፉ ጋዜጦቹ «ከረጅም ሕመም በኋላ» ብለው አላለፉም፤ በልጅነታቸው የያዛቸውን በሽታ ስሙን ጠርተው፣ ከእርሱ እንደ ዳኑ ጻፉ።

የዚያን ምሽት ለቴሌቪዥን መግዣ ሳንቲም የላኩት ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳያውቁ ሞተዋል። የላኩት ለአንድ ልጅ ነበር፤ ልጁም ሞቷል ብለው አዝነው ይሆናል። እነርሱ ያላወቁት ልጁ መትረፉን ብቻ አይደለም፤ ከዚያች ሳንቲም የተነሣው ሥራ ገና ያልተወለዱ ብዙ ሌሎች ሕፃናትንም ማትረፉን ነው።